ምደባ እየጠበቅክ ነው?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። (አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው።) "ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትፈልገው?" ብሎ ሰው ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?

እኔ ልመልስልህ? "ያገኘሁትን!"

እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴን ልይዝ ስል፣ እናቴ ቡና አፍልታ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ ይህንኑ ጠየቀችኝ። "ያገኘሁትን እሠራለኋ እማዬ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ "እንደሱማ ከሆነ ስታገኘውስ በምን ታውቀዋለህ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ የመውጫ ፈተና አልፌ፣ ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ላነሳችው ጥያቄ መልስ አጣሁ።

ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ችግሬ ሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ምደባ እየጠበቅኩ ነበር።

እስቲ ልብ ብለህ እየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰድን፣ ውጤት መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመደብን። ዶርም ተመደብን። ዲፓርትመንት ተመደብን። እኔ አንደኛ ምርጫዬ ጤና መኮንን ነበር፤ የደረሰኝ ግን ናቹራል ሪሶርስ ማኔጅመንት ነው። ሰባተኛ ምርጫዬ! አባቶቻችን ደግሞ በደርግ ጊዜ ተመርቀው ሲወጡ ሥራውንም መንግሥት ይመድባቸው ነበር። ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ተመደቡበት ክፍለ ሀገር መሄድ ብቻ ነው። ያ አሠራር ቀርቷል፤ ጠባዩ ግን እኛ ውስጥ አለ። እስከ ምረቃ ድረስ ሌላው ሲመድበን ኖረን፣ ጋዋኑን ባወለቅን ማግስት መዳቢው ጠፋ። አሁን ቤት ቁጭ ብለን የማይመጣ ደብዳቤ እንጠብቃለን። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል ከፍተን የምንፈልገው ሥራውን እንኳ አይደለም፤ "የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት" የሚለውን መስመር ነው።

አደራ፣ እንዳትሳሳተኝ። ሥራ ያጣኸው ራእይ ስለሌለህ ነው እያልኩህ አይደለም። እንደዛ የሚሉህ አዳራሽ ተከራይተው፣ ማይክ ጨብጠው፣ ቲኬት የሚሸጡልህ ናቸው። "አስበው፣ እመነው፣ ሚሊየነር ትሆናለህ" ይሉሃል። ውሸት ነው። በየዓመቱ የሚመረቀውና የሚከፈተው የሥራ ቦታ አይመጣጠንም። ይሄ የመንግሥት ጥያቄ ነው፣ የፖሊሲ ጥያቄ ነው፤ መጠየቃችንንም አናቆምም። ራእይ ሥራ አይቀጥርህም። ራእይ የሚሰጥህ፣ አንድ ነገር ፊትህ ሲቀርብ "ይሄ የእኔ ነው"፣ "ይሄ ደግሞ የእኔ አይደለም" የምትልበትን አቅም ነው።

ይሄ አቅም ቀላል እንዳይመስልህ። ዶርም አብሮኝ የኖረ ልጅ ነበር። ከእኔ የሚበልጥ ጎበዝ፣ ሒሳብ የሚያስጠናን እሱ ነበር። ተመርቆ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀመጠ። ሠፈር ውስጥ "የት ይደርሳል የተባለ ጥጃ ልኳንዳ ቤት ተገኘ" እያሉ ይተርቱበት ጀመር። አንድ ቀን ደላላ መጣ። ደላላው ምን ይዞ የመጣ ይመስልሃል? ራእይ! ደቡብ አፍሪካ፣ የራስህ ሱቅ፣ በሁለት ዓመት መኪና፣ በሦስት ዓመት ለእናትህ ቤት። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፎቶ አለው። ጓደኛዬ በዚያ ቀን ከዚህ ጋር የሚያወዳድረው የራሱ ነገር አልነበረውም። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ከፈለለት። በሞያሌ በኩል ወጣ። ስልኩ ከተዘጋ ስምንት ወር አልፎታል።

አልፈርድበትም። በዚያ ሰሞን ደላላው እኔን ቢያናግረኝ ኖሮ እኔም የምሄድ ይመስለኛል። የራሱ ራእይ የሌለው ሰው የሌላውን ራእይ ይገዛል። ደላላ ይሸጥለታል፣ ቲክቶክ ይሸጥለታል፣ ካድሬም ይሸጥለታል።

ምደባውን ስለቀየረ ሰው ካነሳን ሰዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ላስታውስህ። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወደ እንግሊዝ ሲላኩ፣ የተላኩት ሥዕል ሊማሩ አልነበረም። የማዕድን ምህንድስና ተምረው እንዲመለሱ ነበር። ምደባው ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ አገር ከወረራ ወጥታ ባለሙያ ትፈልግ ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ለንደን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ዞሩ፤ በስመ ጥሩው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማሩ። ዛሬ አዲስ አበባ የሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ብትገባ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። አገራችን በዚያን ጊዜ አንድ መሐንዲስ ጎድሎባት ይሆናል። ያን መስታወት ግን ሌላ ሰው አይሠራላትም ነበር።

ሁላችንም አፈወርቅን አንሆንም፤ መሆንም አይጠበቅብንም። ከእሳቸው የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ የተመደብክበትና የምትኖርለት ነገር ላይገጥሙ እንደሚችሉ በጊዜ ማወቅ።

"እሺ፣ ራእይ የሚባለው እንዴት ነው የሚጻፈው?" ካልከኝ እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል።

አንደኛ፦ የዛሬ አምስት ዓመት ያለች አንዲት ማክሰኞን ጻፍ። የሠርግህን ቀን ወይም ደመወዝ የምትቀበልበትን ቀን አይደለም። ዝም ብላ ማክሰኞ የሆነችውን። ስንት ሰዓት ትነሳለህ? የት ከተማ? ቁርስ ከማን ጋር ትበላለህ? እጅህ ምን ሲሠራ ይውላል? ማታ ስትገባ የደከመህ ምን ሠርተህ ነው? ከዋልክበት ሥራ ማን ተጠቀመ? "ስኬታማ መሆን" ብለህ አትጻፍ። ያ ስኬታማ የምትለው ሰው ማክሰኞ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ጻፍ።

ሁለተኛ፦ የአንተ ያልሆነውን ሰርዝ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ ቪኤይት መኪና ነበረበት። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ መኪናም አጓጉቶኝ አያውቅም! ያንን የጻፈው የጎረቤት ዓይን ነው። ሰረዝኩት። የእናትህን ደስታ አትሰርዝ፤ የሠፈር ወሬ የጻፈልህን ግን ሰርዝ።

ሦስተኛ፦ ወደ ኋላ ቁጠር። ያቺ ማክሰኞ እንድትመጣ የዛሬ ሦስት ዓመት ምን መኖር አለበት? የዛሬ ዓመትስ? በዚህ ወርስ? በዚህ ሳምንት? መጨረሻ ላይ ነገ ጠዋት ያለ ገንዘብ ልትጀምረው የምትችለው አንድ ነገር ካልወጣ፣ የጻፍከው ምኞት ነው። ተመለስና እንደገና ጻፈው።

አራተኛ፦ ለአንድ የምታምነው ሰው ብቻ አንብብለት። ፌስቡክ ላይ አትለጥፈው፤ ላይክ ሲበዛ የሠራኸው ይመስልሃል። ከዚያ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አውጥተህ እየው። አብዛኛው ዓለም የሌለው አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን፣ በዓመቱ መጨረሻ አለን፤ በፆምና በጸሎት የሚያሳልፈው ያሳልፋል፣ አንተ ከዚያ ላይ ግማሽ ቀን ለዚህ አውጣ። ራእይህ ቢለወጥም አትደንግጥ፤ ሰውም ይለወጣል።

የእኔ ማክሰኞ ምን ሆነች? ጽፌ ስጨርስ ቢሮ የለባትም። ገረመኝ። ጠዋት አፈር አለ፣ ችግኝ አለ፣ ከእኔ ችግኝ የወሰደ ገበሬ ደውሎ "ያዘልኝ እኮ!" ሲለኝ አለ። ያ ስረግመው የኖርኩት ሰባተኛ ምርጫዬ ለካ እንዳሰብኩት ጠላቴ አልነበረም። ወደ ኋላ ስቆጥር "በዚህ ሳምንት" ላይ የወጣው ነገር አቮካዶ ማዳቀል መማር ሆነ። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ምርት እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ የምርጡን ዛፍ ቀንበጥ ቆርጠህ ከፍሬ በበቀለው ግንድ ላይ ሰክተህ በላስቲክ ያሰርከው ግን በሦስት፣ በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ይሄን ክፍል ውስጥ በስላይድ ተምሬዋለሁ፤ በእጄ ግን አንድም ቀን አልሠራሁትም ነበር።

ሠፈራችን አጠገብ ችግኝ የሚያፈሉ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ያለ ክፍያ ላግዝዎት፣ ሙያውን ያሳዩኝ" አልኳቸው። ዲግሪ እንዳለኝ ሲሰሙ ሳቁ። በመጀመሪያው ዙር 40 አዳቀልኩ፤ የያዙልኝ 11 ናቸው። ሌላው ደረቀ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሼ "እኔ መጀመሪያ የያዘልኝ ሦስት ነው፣ ቀጥል" አሉኝ። በሁለተኛው ዙር 23 ያዘ።

ታዲያ ሥራ አገኘህ ወይ? አላገኘሁም። አሁንም ሲቪ አስገባለሁ፤ አሁንም የታክሲ የምትሰጠኝ ታላቅ እህቴ ናት። የተለወጠው ምን መሰለህ? ድሮ ያየሁት ላይ ሁሉ እመዘገብ ነበር። አሁን ወደዚያች ማክሰኞ የሚያቀርበኝን እለያለሁ። ለእንጀራ ብዬ ሌላም ሥራ ልይዝ እችላለሁ፣ ነውር የለውም፤ ግን "ይሄ ለእንጀራዬ፣ ያ ለሕይወቴ" ብዬ አውቄ ነው የምይዘው። እናቴ ደግማ ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እዚህ ገጽ ላይ የምንገናኝ ልጆች ስለ አገር ራእይ ስንከራከር እናድራለን። የዛሬ መቶ ዓመት የሆነውን እንዘረዝራለን፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት አገሪቱ ምን መምሰል እንዳለባት እንወስናለን። ጥሩ ነው፣ እንከራከር። ግን የዛሬ ዓመት ራሱን የት እንደሚያገኘው ያላሰበ ወጣት ስለ አገር ሃምሳ ዓመት ብቻ ሲያወራ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከራሱ እየሸሸ ነው። እኔም ሸሽቻለሁ። ኮሜንት ላይ አንበሳ ነበርኩ፤ ስልኩን ሳስቀምጥ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቤ የምተኛ ሰው። አገር የምትቆመው በመፈክራችን ሳይሆን እያንዳንዳችን ማክሰኞ በምንውልበት ነገር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክህን አንድ ሰዓት አስቀምጥ። ደብተር አውጣ። "ማክሰኞ" ብለህ ጀምር። መዳቢ የለም፤ ራስህን መድብ።

ስትጨርስ ደግሞ እንደኔና እንዳንተ ቤት ቁጭ ላለ አንድ ጓደኛህ ደውልለት። ስልኩ ሳይዘጋ።