የተከራይም መብራት ይቆጠር

በአዲስ አበባ አራትና አምስት ተከራይ በአንድ ግቢ ሆኖ በአንድ ቆጣሪ መጠቀሙ የተለመደ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ አከራዩ በሰው ቁጥር ወይም በክፍል ያካፍላሉ። በሳምንት ሁለቴ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብና ማታ ገብቶ አንድ አምፖል የሚያበራ ወንደላጤ በክፍል ሲካፈል እኩል ይከፍላሉ። የግቢው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። «ምጣድ ክልክል ነው» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ ምጣድ የተከለከለች እናትም በጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰል ታቀጣጥላለች። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ማንም ያውቃል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። በአንድ ሰዓት የሚወስደው ኃይል ባለ 9 ዋት አምፖልን በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት ከሁለት ወር ተኩል በላይ ያበራል። በቤት ውስጥ መብራት የሚበላው ሙቀት ነው፦ ምጣዱ፣ ምድጃው፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያው። ሰው በመቁጠር ይህን ማወቅ አይቻልም።

ከጭቅጭቁ የከፋው ደግሞ ታሪፉ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ባለ እርከን ነው፤ ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ነው። አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖር ኖሮ አንዳቸውም ከዚህ እርከን አያልፉም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 250 ይሆኑና ውድ በሆነው እርከን ይከፍላሉ። ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበው ቅናሽ ግቢው በር ላይ ይቀራል ማለት ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲያድግ በመደረጉ፣ ሸክሙ እየከበደ ነው።

በጋራ ማሞቂያ የሚሞቁ ሕንፃዎች በበዙባት ጀርመን የጋራ ወጪ እንዴት ይካፈል የሚለው ጥያቄ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተመልሷል። ከማሞቂያ ወጪው ከ50 እስከ 70 በመቶው የሚከፈለው እያንዳንዱ ቤት በተጠቀመው ልክ ነው። አከራይ ሳይለካ ካስከፈለ ተከራዩ ከድርሻው 15 በመቶ መቀነስ ይችላል። የተከራዩን አቅም ያጠነከረው ይህ የመቀነስ መብት ነው ብለን እናምናለን።

አከራዮችም የሚሉት አላቸው። ተከራይ ዕዳ ጥሎ ሊሄድ ይችላል፤ ቆጣሪ ማስገባትም ወጪ አለው። የመጀመሪያውን ስጋት ቀድሞ የሚከፈልበት የካርድ ቆጣሪ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ግን ሰውን ያለ ልክ ለማስከፈል ምክንያት አይሆንም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በግቢ ውስጥ ራሱን ችሎ ለሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የተለየ ቆጣሪ የሚሰጥበትን መንገድ እንዲያቀልል እንጠይቃለን። እስከዚያው በእያንዳንዱ ክፍል መስመር ላይ የውስጥ ቆጣሪ ይግባ፤ አከራይም ከታሪፉ በላይ አያስከፍል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ተከራይ ሲገባና ሲወጣ የተነበበው የቆጣሪ ቁጥርም በዚያው ውል ላይ ይስፈር። ታሪፍ የሚያጸድቀው አካል ደግሞ ከአንድ ቆጣሪ በስተጀርባ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ሳያስመዘግብ ቀጣዩን ጭማሪ ማጽደቅ የለበትም።