አስተያየትሽን አታጥፊው

ቴሌግራም ላይ ዕቃ ገዝቶ ያልተቆጨ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። መታለሉን በአደባባይ ጽፎ በሰላም ያደረ ሰው ማግኘት ግን ከዚያም ይከብዳል። ሻጩ ይደውላል፣ ይሰድባል፣ ይዝታል። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ገዢዋን የሚወዷት ሰዎች የሚሏት ነው። እናት፣ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም ያንኑ ይደጋግማሉ፦ «ምን አስጨነቀሽ? አጥፊውና ተገላገይ። የሰው እንጀራ አትዝጊ።» ምክሩ የደግ ሰው ምክር ይመስላል። የሚጠቅመው ግን ዛቹን ነው።

የማውቃት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከአንድ የቤት ዕቃ ቻናል ጁስ መፍጫ አዘዘች። ፎቶው ላይ ያለው ጆጉ ብርጭቆ ነው። ገንዘቡን በቴሌብር ቀድማ ላከች፤ ማምሻውን ሞተረኛው ገርጂ ቤቷ ድረስ አመጣላት። ካርቶኑን ስትከፍተው ጆጉ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ይሁን ብላ ተጠቀመችበት፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ የቃጠሎ ሽታ አውጥቶ ቆመ። በውስጥ መስመር ጻፈችላቸው፤ አንብበው ዝም አሏት። ቻናሉ ላይ ብትጽፍ ወዲያው አጥፍተው እሷንም አስወጧት። በመጨረሻ ገዢዎች የሚመካከሩበት የፌስቡክ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፎቶው ላይ ያለውና የመጣልኝ አንድ አይደለም። ሞተሩም ተቃጥሏል። ዕቃውን የሚቀይርልኝ ወይም ገንዘቤን የሚመልስልኝ አጣሁ።» ከሁለቱ ፎቶዎች ጋር። ስድብ የለበትም፣ ያላየችውንም አልጨመረችም።

ያን ቀን ማታ ስልኳ ማረፍ አልቻለም። እስከ ክፍያው ድረስ «ውዴ፣ ምን እንታዘዝ?» ይላት የነበረው ሰው «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» አላት። «ቤትሽን እናውቀዋለን» አላት። ቁጥሩን ስትዘጋው በሌላ ቁጥር መጣ። የፕሮፋይል ፎቶዋንና ስልክ ቁጥሯን «ከዚህች አጭበርባሪ ተጠንቀቁ» ከሚል ጽሑፍ ጋር «ቤተሰቦቻችን» ለሚላቸው ተከታዮቹ ለጠፈው። እሷ ግን አላጠፋችም። በማግስቱ የደወለው ሞተረኛው ነው፦ «እህቴ፣ በእናትሽ አጥፊልኝ። እኔን ነው ከሥራ የሚያባርሩኝ።» ከጎኗ ደግሞ እናቷ «ተይ ልጄ፣ ምን አለሽ» ይሏታል። አጠፋችው። ዛቻው ያልቻለውን ይሉኝታ ቻለው።

ሻጩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለዚህም ነው ከዛቻው ቀጥሎ ለማኝ የሚልከው። ልብ በሉ፣ ቻናሉ ላይ ስትጽፍ ማንም አልደወለላትም፤ በእጁ ስለሆነ ራሱ አጠፋው። መደወል የጀመረው በእጁ ሊያጠፋው የማይችለው ቦታ ላይ ስትጽፍ ነው። ስለዚህ ይህ በንዴት የተሠራ ስሕተት አይደለም። የአስተያየት መስጫውን ከመዝጋትና «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከማለት ጋር የሚሄድ አሠራር ነው። ዓላማው ደግሞ አንድ ነው፦ ገዢና ገዢ እንዳይገናኙ።

መርካቶ ውስጥ ገዢው ሱቁን ያውቃል፤ ባለሱቁ የገዢውን ቤት አያውቅም። ስልክ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ሻጩ ስሟን ከክፍያው፣ ቁጥሯን ከትእዛዙ፣ በሯን ከሞተረኛው ያገኛል። እሷ የምታውቀው የቻናሉን ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ንግድ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ መጋዘኑ የት እንደሆነ አታውቅም። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ የቀራት አቅም ያየችውን መናገር ነው። ያንን ተዪ ስንላት ባዶ እጇን እናስቀራታለን። ከዋሽንግተን ሆና ለበዓል ለእናቷ ኬክ የምታዝ ልጅማ ከዚህም ይብስባታል፤ ቅሬታ ብታሰማ አድራሻው የተያዘው የእናቷ ነው፣ ስልኩም የሚጮኸው እዚያው ነው።

«እንጀራ መዝጋት» የሚለውን ክስ በቁም ነገር ልውሰደው፤ ተራ ማመካኛ ብቻ አይደለምና። በእቁብ ገንዘብ ዕቃ አምጥታ ቤቷ ሆና የምትሸጥ ሴት በአንድ ክፉ ቃል ገበያዋ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ተፎካካሪ ገዢ መስሎ የሚጽፍበትም ጊዜ አለ። በመጥፎ አስተያየት እያስፈራራ ቅናሽ የሚጠይቅ ገዢም አይጠፋም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ለዚህ መፍትሔው እዚያው ሥር፣ ሰው እያየ መመለስ ነው፦ «የከፈሉበትን ደረሰኝ ያሳዩን፣ እንቀይርልዎታለን» ብሎ። አስተያየቱን ለጻፈችው ዕቃው ካልተሸጠላት ይህ ጥያቄ ብቻውን ያጋልጣታል፤ ከተሸጠላትም ሻጩ ቀይሮላት ስሙን ያድሳል። በሌሊት ደውሎ «ቤትሽን እናውቀዋለን» ማለት ግን የጁስ መፍጫውን ጆግ ብርጭቆ አያደርገውም። ደግሞስ የማንን እንጀራ ነው የምናስበው? ገዢዋ የከፈለችው ከደመወዟ ነው። ትክክለኛውን ዕቃ አምጥቶ ትክክለኛውን ዋጋ የሚጠይቀው ነጋዴም እንጀራ አለው፤ በፎቶ ብርጭቆ፣ በካርቶን ፕላስቲክ የሚሸጠው ጎረቤቱ ገበያውን እየወሰደበት ነው። እሱን የሚያስታውሰው የለም።

ማስፈራራት አዋጪ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ እንደማይቆም አሜሪካ፣ ብሩክሊን ውስጥ በግልጽ ታይቷል። ቪታሊ ቦርከር የተባለ በኢንተርኔት መነጽር የሚሸጥ ሰው ቅሬታ የሚያቀርቡ ደንበኞችን ይሳደብና ይዝትባቸው ነበር፤ ለአንዷም የምትኖርበትን ሕንፃ ፎቶ ላከላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሳያፍር እንደተናገረው፣ ሰው ስለ እሱ በክፉም ቢሆን በጻፈ ቁጥር ጉግል ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሽያጩም ይጨምራል። ጽሑፉ በወጣ በቀናት ውስጥ ጉግል የፍለጋ አሠራሩን ቀየረ፤ ሰውየውም ታሰረ፣ በ2012 የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከወጣ በኋላ በሌላ የሱቅ ስም ወደዚያው ሥራ ተመልሶ በ2017 እንደገና ተያዘ። ገበያው ላይ በስድብና በዛቻ የሚገኝ ትርፍ እንዳለ አንዴ ካየ በኋላ እስር እንኳ አላቆመውም። እኛ ደግሞ «አጥፊው» ባልን ቁጥር ያንን ትርፍ በነፃ እናስረክባለን።

እዚያው አሜሪካ፣ አንድ የኢንተርኔት መደብር ሚስትየዋ በጻፈችው ቅሬታ ምክንያት ዩታ የሚኖሩ ባልና ሚስትን 3,500 ዶላር ክፈሉ አላቸው፤ በውሉ ላይ መጥፎ መናገር ተከልክሏል ብሎ። ሰዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈረደላቸው። በ2016 ደግሞ እንዲህ ያለውን የውል አንቀጽ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ ወጣ። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብም አስተያየትን በዛቻና መሠረት በሌለው የክስ ማስፈራሪያ ማስጠፋትን ይከለክላል። መንገዱን የከፈቱት ዝም አንልም ያሉ ገዢዎች ናቸው።

የእኛም ሕግ ባዶ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብ፣ ዛቻና ስም ማጥፋት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ደግሞ በኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ስልክንም ጨምሮ፣ ሰውን በከባድ አደጋ ማስፈራራትንና ስለ ሰው መረጃ ደጋግሞ በመላክ ማስጨነቅን በእስራት ያስቀጣል። ይኸው አንቀጽ ስም ማጥፋትንም ይቀጣል፤ ሻጩ «እከስሻለሁ» ሲል የሚያውለበልበው ይህችን ነው። ለዚህ ነው ያቺ የባንክ ሠራተኛ የጻፈችው ትክክል የነበረው። «ሌባ ናቸው» አላለችም፤ ያዘዘችውንና የደረሳትን ጎን ለጎን አሳየች። የሚታይ ማስረጃ ይዞ ያዩትን ብቻ የሚጽፍ ሰው «እከስሻለሁ» ስለተባለ ብቻ ሊርበደበድ አይገባም።

እናንተ እናቶች፣ ወንድሞች፣ ባልደረቦች፣ ልጃችሁ እንዲህ ሲደወልባት «አጥፊው» አትበሏት። የደወለባትን ቁጥር፣ ሰዓቱንና መልእክቱን ስክሪንሾት አድርጋ እንድታስቀምጥ እርዷት። ስልኩን ከእጇ ተቀብላችሁ «መልስ ካላችሁ እዚያው ጻፉ፤ ከዚህ በኋላ ብትደውሉ ፖሊስ ጣቢያ እንገናኛለን» በሏቸው፤ ፖሊስ ጣቢያም ብቻዋን አትስደዷት። ለሞተረኛው ካዘናችሁ፣ ያሳዝናልም፣ እንዲያባርረው የሚዝትበትን አሠሪውን ተናገሩለት። የጻፈችው እውነት ከሆነ እዚያው ይቆይ። ያንኑ ጁስ መፍጫ ዛሬ ማታ ልታዝ ያለች ሌላ ሴት አለች።