የወፍጮውን ሞተር «ዝም ብላችሁ ቀጥሉት» ለምትሉን

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

«ሞተሩ ከመጣ ቆየ፣ ሽቦ መቀጠል ምን ይከብዳል? ፈሪዎች!» እየተባልን በየደጃፉ እንታማለን። አዎ፣ እንፈራለን! ሞተሩ 15 ኪሎዋት ነው። በ380 ቮልት ሲሠራ 30 አምፔር ያህል ይስባል፤ በቀጥታ ሲነሣ ግን ለጥቂት ሰኮንድ ስድስት እጥፍ፣ ወደ 180 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ የማን ቤት መብራት ነው የሚጨልመው? በስታር ዴልታ ማስነሻ ከሆነ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጉልበቱም ሲሶ ስለሚሆን እህሉ የሚጨመረው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ይህን ወፍጮ አስፈጪው ሁሉ ይወቅልን።

የገመዱ ውፍረት፣ ኦቨርሎዱ፣ የመሬት ሽቦው አስቀድሞ በወረቀት ይሰላ ነው ያልነው። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፍቶ ኦቨርሎዱ ካልቆረጠው ሞተሩ እያጉረመረመ ይቃጠላል። ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካው ጎበዝ ያን ዕለት አይገኝም! ፓኔሉም የዱቄት ብናኝ ከማይደርስበት ይተከል፣ አለዚያ እሳት ነው።

ሞተሩ የተገዛው በእናንተ መዋጮ ነው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ዕቅዱ ላይ ሳይፈርም የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ለማንም አንሰጥም። የሚከራከረን ካለ እሑድ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ