ታላቅ ቅናሽ አትበሉኝ

ለበዓል ዋጋ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ በጳጉሜን ሾላ ገበያ ብቅ ማለት ይበቃል። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዘይቱ ሽቅብ ይላል፤ ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን ዶሮ ሊሠራ ነውና ምን ይደንቃል? የሚደንቀው ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ከተማ፣ ገዢው ብሩን ይዞ በሚጋፋበት ሰዓት፣ አንዱ «ታላቅ የበዓል ቅናሽ» የሚል ባነር በራፉ ላይ ይሰቅላል። እኛም እሰይ ብለን እንሰለፋለን። ሳይለመን፣ ያውም ገዢ በሞላበት ቀን፣ ዋጋ የሚቀንሰው ለማን አዝኖ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሌላው አገር ቅናሽ እንኳ ቢያንስ ሒሳቡ ይገባል። እንግሊዞች የታወቀውን የገና ቅናሽ የሚጀምሩት በዓሉ ባለፈ ማግሥት ነው፤ ሳይሸጥ የቀረው ዕቃ መጋዘን እንዳያጣብብባቸው። አሜሪካኖች ብላክ ፍራይደይ የሚሉት ከምስጋና ቀናቸው ቀጥሎ ባለው ዓርብ፣ ለገናቸው አንድ ወር ያህል ሲቀር ነው። እኛ ዋዜማው ላይ፣ ፍላጎት ጣሪያ በነካበት ሰሞን «ቀነስን» እንባባላለን። ይባስ ብሎ ብላክ ፍራይደይም አዲስ አበባ ገብቷል። የምስጋና ቀን የት አለንና ነው ማግሥቱን የምናከብረው? ቀኑ የሚውለውም ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ነው። ምግቡን ትተን ቴሌቪዥን እንድንበላ ይሆን እንጃ።

ግርግሩን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እወደዋለሁ። የበዓል ባዛር ስገባ ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል። እዚህ አንዱ ድንኳን በስፒከር «ሁሉም በመቶ! ሁሉም በመቶ!» ይላል፤ ጎኑ ያለው የበዓል ዘፈን ከፍቶ ሊያሸንፈው ይታገላል፤ ከወዲያ መድረክ ላይ አስተዋዋቂው ሁለቱንም ይጮህባቸዋል። ብርድ ልብስ የተሸከመች ሴት መንገድ ስትጠይቅ ድምፅዋ እንጂ ፊቷ አይታይም። ማር፣ ሽቶ፣ መጋረጃ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሁሉም በአንድ ኮሪደር። ወጣት ጥንዶች የመጀመሪያ ጎጇቸውን ዕቃ ሲመርጡ ማየትማ የትም የማይገኝ ደስታ ነው። ንዴቴም ከዚሁ ይመነጫል። ሰው ይህን ሁሉ ደስታ ይዞ መጥቶ ለምን ይዋሻል?

ቅናሹ ለምን ሊኖር እንደማይችል ባዛሩ የተሠራበት መንገድ ራሱ ይናገራል። በአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ማዕከል የበዓል ባዛር ለማሰናዳት አዘጋጆች በጨረታ ሲወዳደሩ፣ ለአንድ በዓል ሰሞን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። ያ ብር ከሰማይ አይወርድም። አዘጋጁ ቦታውን በካሬ ሜትር ሸንሽኖ ለነጋዴ ያከራያል፤ ማስታወቂያውንም፣ ዘፋኙንም፣ ጥበቃውንም እዚያው ላይ ይደምራል። ነጋዴው ደግሞ ሱቁ ዝም ብሎ ኪራይ እየቆጠረበት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሁለተኛ ኪራይ ከፍሎ፣ ዕቃ ጭኖ አውርዶ፣ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ይቆማል። ይህ ሁሉ ወጪ ተጨምሮ ዋጋው የሚወርደው በየትኛው ሒሳብ ነው? ብዙ ቦታ ለመግባትም ትኬት እንቆርጣለን። ልብ በሉ፤ ሊሸጥልን የሚፈልግ ሰው ዘንድ ለመድረስ ከፋዮቹ እኛ ነን።

ስሙን የማልጠራው አንድ የገና ባዛር ላይ የሰሃን ስብስብ ዐይኔ ገባ። ካርቶኑ ላይ 4,800 ተጽፎ በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ 3,200 ይላል። ቀረብ ብዬ አየሁት። የተሰረዘው ቁጥር፣ የተተካው ቁጥርና መሰረዣው መስመር በአንድ ማርከር፣ በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው። አጠገቡ የተደረደሩት ካርቶኖችም እንዲሁ። 4,800 ማለት ማንም ከፍሎት የማያውቅ፣ ሊሰረዝ ብቻ የተወለደ ዋጋ ነው።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» አልኩት ሻጩን ልጅ።

«እናትዬ፣ ቅናሽ እኮ ነው። ከዚህ ከወረደ ኪሳራ ነው፤ ለአንቺም አይሆንም።»

«እሺ፣ ደረሰኝ ቁረጥልኝ።»

ልጁ ዞር ብሎ ወዲያ ያለውን ሰውዬ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በደረሰኝ ከሆነ 3,680 ነው።»

15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ የሰሃን ስብስብ ሦስት ዋጋ ኖረው፤ አንደኛው የሌለ፣ ሁለተኛው ከሕግ ውጪ፣ ሦስተኛው እውነተኛው። እውነተኛው ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ በቀን ሒሳብ ቆሞ የሚሸጥ ምን ያድርግ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያንም ይከለክላል። ለመሆኑ «ታላቅ ቅናሽ» ብለህ ዋሽተሃል ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ የሚያውቅ አለ? የመንገድ ዳር ሻጭ ሸራዋን ጠቅልላ ስትሮጥ በየቀኑ እናያለን። እሷ ባነር የላትም፤ የሰረዘችውም ዋጋ የለም።

ውሸቱ ኪስ ብቻ ነክቶ ቢያልፍ ደግ ነበር። ሰውን እርስ በርሱ ያጋፋል እንጂ። «ዛሬ ብቻ»፣ «ሳያልቅ ይድረሱ» ሲባል ሁሉም በአንድ ሰዓት በአንድ በር ይገባል። በ2001 ዓ.ም. ኅዳር፣ ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ በሚገኝ የዋልማርት መደብር፣ በብላክ ፍራይደይ ንጋት በሩን ሰብሮ የገባው ሕዝብ አንድ ሠራተኛ ረግጦ ገድሏል። እኛ ዘንድ ያን ያህል አልደረሰም ብለን እንዳንጽናና። በአንድ ባዛር የዋዜማ ምሽት፣ የጁስ መፍጫ ማስታወቂያ አቋርጦ «ቀይ ሹራብ የለበሰች ሕፃን መድረኩ ጋ ትገኛለች፣ ወላጅ ይምጣ» ሲባል ሰምቻለሁ። ወዲያው መፍጫው ቀጠለ። ሁለት ሜትር በማይሞላው መተላለፊያ ላይ ትርፍ ጠረጴዛ ተዘርግቶበት ስለነበር እናቲቱ መድረኩ ጋ ለመድረስ ሰው በክርኗ እየገፋች፣ እያለቀሰች ነው ያለፈችው። ያችም ጠረጴዛ ኪራይ ተከፍሎባታል፤ ማን ያነሳታል?

ሾላ በዋዜማው ከዚህ ይብስ ይጨናነቃል፤ ጭቃም አለው፣ ሌባም አለው። ግን ማንም ማንንም በቅናሽ አያታልልም። ገዢዋ ዶሮውን በክንፉ አንጠልጥላ ትመዝነዋለች፤ ላባውን እፍ ብላ ሥጋውን ታያለች። «ምነው ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት በዚህ ዋጋ ሁለት ይመጣ አልነበር?» ስትለው «ታዲያ ባለፈው ሳምንት አትገዢም ነበር?» ይላታል። ጨካኝ ነው፤ ግን እውነቱን ነግሯታል። ተሟግታ ትንሽ ብታስቀንሰው፣ ያቺ ቅናሽ በራሷ አፍ ያገኘቻት፣ ከእውነተኛ ዋጋ ላይ የወረደች ናት። ለእኔ ከአንድ ባዛር ሙሉ ባነር እሷ ትበልጣለች።

ለፋሲካ የምትሰናዱ የባዛር አዘጋጆች፣ የማስቸግራችሁ ትንሽ ነው። መተላለፊያውን ከጠረጴዛ አጽዱ፤ መውጫውን ከመግቢያው ለዩ፤ የጠፋ ልጅ ሲኖር ሁሉም ስፒከር ዝም ይበል። ቅናሽ አለ የሚል ነጋዴ ካላችሁ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት በሱቁ የሸጠበትን ደረሰኝ ካርቶኑ ላይ ይለጥፍልን፤ እኛው እናነባለን። ይህ ከከበዳችሁ ባነሩን አውርዱና «የበዓል ገበያ» ብላችሁ ጻፉ። እኛ እንደሁ መምጣታችን አይቀርም።