ከማን ላይ የተቀነሰ ዕድሜ?

«ፌር ፕሌይ»ን «ስፖርታዊ ጨዋነት» ብለን ተረጎምነው፤ ነገሩም ከዚያው ተበላሸ። ጨዋ ማለት እኛ ዘንድ የማይሳደብ፣ ጨዋታው ሲያልቅ እጅ የሚጨብጥ ነው። እሺ፣ ይጨብጥ! ሲሰርቅ ቆይቶ የሚጨብጠውንስ ምን እንበለው?

ሱሉልታን እንውሰድ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለች፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፣ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራባት የሯጮች መንደር ናት። ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ የሚሮጠው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ነው፤ የቤት ኪራዩን ከጓደኞቹ ጋር ተጋርቶ ይከፍላል። በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና የሚሮጠው ከ20 ዓመት በታች የሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ 24 የሞላው ሰውዬ በወረቀት 18 ሆኖ አጠገቡ ይቆማል። ያሸንፈዋል። ከዚያም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ» ይለዋል። (እውነቱን ነው፤ ከሁለቱ ልጅ የሆነው አንዱ ብቻ ነው!) ልጁ ኪራይ ሲያጣ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይሳፈራል።

«ምን ያድርግ፣ ድሃ ነው፤ ደግሞስ ሁሉም ያደርገዋል» የሚሉ አሉ፤ በእኛው ግቢም አሉ። የተበለጠውስ ባለጸጋ ነበር እንዴ? ዕድሜ እኮ ከአየር ላይ አይቀነስም።

«ለአገር ነው» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን 2 ለ 1 ሲረታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ነበር። ካርድ መቁጠር የነበረባቸው ሰዎች አልቆጠሩም። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፣ ፊፋም ሦስቱን ነጥብ ነጠቀ። ተንኮል ሳይሆን ግድየለሽነት ነበር ይባል፤ አገር ግን አልተጠቀመችም። ቡድኑ በኋላ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፎ ያለፈው በእግሩ ነው።

ከቡራዩ ወይም ከሰበታ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው ይህን ሁሉ ያለ ስታዲየም ያውቀዋል። ታክሲ ተራ ላይ ከፊት የቆመው ሰው ዘመዱን «ና፣ እዚህ ግባ» ይለዋል። ጨዋ ነው፣ ሰላምታው ያማረ ነው፣ ለዘመዱም ደግ ነው። ከኋላ ያለችው የቀን ሠራተኛ ግን ታረፍዳለች፤ የሚቆረጠውም የእሷ ሒሳብ ነው። የተቆጣች እንደሆን ባለጌ የምትባለው እሷ ናት!

ስለዚህ የጨዋነት ስብከቱ ለጊዜው ይቆየን። ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ የሯጩን የልደት ወረቀት አንደኛ ክፍል ከገባበት ትምህርት ቤት መዝገብ ጋር ያመሳክሩ፤ ከውድድሩ በፊት እንጂ ሜዳሊያው ከተጠለቀ በኋላ አይሁን።