የልብን ትርታ የሚያጠኑ ወጣቶች መምህር ይሰጣቸው

በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክም ሆነ በአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ባሉት መንደሮች፣ በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ታሞ በጊዜው ፔኒሲሊን ሳያገኝ ያደገ ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የልቡ በር ጠቦ፣ ትርታውም ሥርዓቱን ለቆ፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ እየተቋረጠ ወደ ሕክምና ቢመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ከተመረቀ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ሐኪም ነው። ይህ ወጣት በሽተኛውን ከማከም አልፎ ሕመሙን በጥናት እንዲመረምር የምንሻ ከሆነ፣ የምርምርን ሥነ ሥርዓት ከመጽሐፍ ብቻ እንዲቃርም ትተን ልንጠብቀው አይገባንም።

ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የትርታ መዛባት የልብ የላይኛው ክፍል በአግባቡ መኰማተሩን ትቶ ስለሚንቀጠቀጥ፣ በዚያ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውየውን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለመከላከል በየጊዜው የደም ምርመራ የሚያስፈልገው አሮጌው የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን አለ፤ እንዲህ ያለ ክትትል የማይጠይቀው ሪቫሮክሳባን ከመጣ ወዲህ ግን፣ ለሩቅ አገር ድኻ በሽተኛ የሚስማማው ይኸኛው ይሆናል የሚል ተስፋ በብዙዎች ዘንድ ነበር። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በሚገኙ 24 አገሮች፣ ከላይ እንደ ተነገረው ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ሩማቲክ የተባለው የልብ ሕመም ባለባቸው ከ4,500 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ቍጥራቸው ከሞላ ጐደል እኩል ከሆነው ከሁለቱ ወገኖች ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት 552፣ ዋርፋሪንንና መሰሎቹን ከወሰዱት 442 ሰዎች ሞቱ። የሀብታም አገር በሽተኞችን በማየት የተገኘ ዕውቀት ለእኛ በሽተኞች ሁልጊዜ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ኢትዮጵያም የተካፈለችበትና በደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም በቦንጋኒ ማዮሲ መሪነት በ14 አገሮች የተካሄደው ሬሜዲ የተባለው ጥናት፣ 3,343 የዚሁ የልብ ሕመም በሽተኞችን መዝግቦ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ኤትሪያል ፊብሪሌሽን እንዳለባቸው፣ የደም ማቅጠኛ ከሚወስዱትም የደማቸው የመቅጠን ልክ በሚፈለገው መጠን የተገኘው ከመቶ 28 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገለጠ። ማዮሲ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ከታተሙት ጽሑፎቻቸው ባላነሰ፣ በእጃቸው ያደጉት ወጣት ተመራማሪዎች ስማቸውን የሚያስጠሩ ሆኑ። እኔ ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው።

ከመቶ 28 ብቻ የሆኑበትን ምክንያት በላስታ የሚመረምር ሰው ከወዴት ይጀምር? የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንሰው ቫይታሚን ኬ በጎመን ውስጥ በብዛት ይገኛል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ወራት ሥጋውና ወተቱ ቀርቶ ጎመኑ በማዕድ ላይ ሲበዛ፣ ፋሲካ ሲደርስም ነገሩ ተገልብጦ ጎመኑ ሲቀንስ፣ የደሙ ልክ ምን ይሆናል? ጸበል የገባውስ ምእመን መድኃኒቱን ይቀጥላል ወይስ ይተዋል፣ የንስሐ አባቱስ ምን ይመክሩታል? እነዚህን ጥያቄዎች ከሩቅ ከተማ የተላከ መጠይቅ ሊያነሣቸው አይችልም፤ የሚያነሣቸው ከሕዝቡ ጋር የሚጾም ሐኪም ነው። ነገር ግን ጥያቄው ወደ ጥናት እንዲለወጥ፣ ስንት ሰው በስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ ፈቃዱ በሚገባው ቋንቋ ከበሽተኛው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የልብ ትርታ የሚመዘገብበትን የኤሌክትሮካርዲዮግራም ወረቀት ሁለት አንባቢዎች ሳይነጋገሩ አንብበው ፍርዳቸውን በኋላ እንዴት እንደሚያስተያዩ የሚያሳየው መምህር ያስፈልገዋል።

ለላስታ ጎረቤት የሆነችው ዋድላ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች ናት፤ በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙሩ የደረሰውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ መምህሩም ቃል በቃል እያረመ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ያሳየዋል እንጂ በደፈናው መልካም ነው ብሎ አይሰድደውም። የዛሬው የምርምር አማካሪ ግን ስንት ጊዜ ነው ረቂቁን ሳያነብ የሚፈርመው፣ ያላረመውም ጽሑፍ ላይ ስሙ እንዲቀድም የሚሻው! እንዲህ ያለው ነገር ወጣቱን ከምርምር ያርቀዋል፤ ከዚህም የከፋው፣ ያልተለካውን እንደ ተለካ አድርጎ መጻፍን ያለማምደዋል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በተለይም ለላስታ ቅርብ የሆኑት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወጣትን በምርምር ማሳደግን እንደ በጎ ፈቃድ መቍጠር ትተው በመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ሊያስገቡት፣ ለዕድገቱም ሊያስቡለት ይገባል። በአዲስ አበባ ያሉት የልብ ሐኪሞች በሳምንት አንድ ሰዓት መድበው፣ በላሊበላና በወልድያ ሆስፒታሎች ካሉት ወጣቶች ጋር አንድ የትርታ ወረቀት በስልክ እየተያዩ ቢያነቡ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። የውጭ አገር ባልደረባም ሲመጣ፣ መረጃው ከመወሰዱ በፊት ጽሑፉን ማን እንደሚጽፍ፣ የማን ስም እንደሚቀድም፣ ውጤቱንም ተመልሶ ለኩልመስክ በሽተኞች ማን እንደሚነግራቸው በጽሑፍ ይወሰን።