«ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» እስከ ስንት ሰዓት?

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ብርቅ አይደለም። ለሰሊጥ ሥራ መተማ የወረደው ንፋስ መውጫ ላለች ሚስቱ ይልካል። አሁንም ብርቅ የሆነው፣ ሥራ ሲዘገይ መቼ እንደሚያልቅ የሚናገር ሶፍትዌር ነው። የምናየው ወይ የሚሽከረከር ክብ፣ ወይ «ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ነው።

የሙያው ሰዎች መከራከሪያ አላቸው፦ ጊዜ ገምተን ብንሳሳት ተጠቃሚው እምነት ያጣብናል፣ ዝም ማለት ይሻላል። እኔ አልቀበለውም። ከበሽሎ ቆላ ዳገቱን ወጥቶ ወገዳ የገባ ገበሬ ባንክ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ይደር ወይስ ይመለስ? ካደረስ አህያውን የት ያስራል? ሲስተሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መቋረጡን ቢነግሩት ራሱ ይገምታል። «መቼ እንደሚመለስ አናውቅም፤ 8 ሰዓት ላይ እናሳውቃለን» ቢባል እንኳ ገበያውን ጨርሶ ይመጣል።

የከፋው ብሩ መንገድ ላይ ሲቀር ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ሲቋረጥ፣ ለብዙው ሰው የቀረው በኮከብ የሚጀምረው አጭር ቁጥር ነበር። እሱ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። ማንበብ ለማይችሉ እናት የጎረቤት ልጅ ምርጫውን እያነበበላቸው፣ እሳቸው የሚስጥር ቁጥሩን እያስታወሱ ሳለ ገደቡ ያልፍና ይዘጋል። መጨረሻው ቁጥር ላይ የተዘጋ እንደሆነ ብሩ ሄደ ወይስ አልሄደም? ድጋሚ ይላክ? የሚመጣው የስህተት ጽሑፍ ይህን አይመልስም። ሁለቴ የላከ ሰው ትርፉን ለማስመለስ ሌላ ወረፋ ይይዛል።

ሥራው የት እንደደረሰ ለተጠቃሚው መንገር አዲስ ግኝት አይጠብቅም። ብራድ ማየርስ የተባለ ተመራማሪ ሰዎች ሥራው ስንት እጅ እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት እንደሚመርጡ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ጃኮብ ኒልሰንም ከ10 ሰከንድ በላይ ለሚወስድ ሥራ እንዲህ ያለው ምልክት እንደሚያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ1993 ጽፏል። (99 ከመቶ ላይ ደርሶ የሚገተረው መስመር ግን ከክቡ አይሻልም፤ እሱ ጭራሽ ይዋሻል።)

እናንተ የባንክና የሞባይል ገንዘብ ኃላፊዎች፣ ቀጣዩን ማሻሻያ ከመልቀቃችሁ በፊት ያን የስህተት ጽሑፍ አውጥታችሁ አንብቡት። ብሩ ከሂሳብ ወጥቶ እንደሆነና ድጋሚ መላክ ይገባ እንደሆነ ካልነገረ፣ ቀይሩት።